አፍንጫ የማይደርስበት አሞኒያ

የአየር ብክለት ግምገማ ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ስለ አሞኒያ በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ የምሰማው ስለ ሽታው ነው። የከብት በረት ወይም ትልቅ የዶሮ ቤት ወዳለበት ቦታ ለልኬት ስሄድ ባለቤቱ አየሩን በረጅሙ ስቦ «ዛሬ እኮ ምንም አይሸትም፤ በከንቱ ነው የደከማችሁት» ይለኛል። ጎረቤቱ በበኩሉ «ትናንት ማታ መጥታችሁ ቢሆን ኖሮ እዚህ መቆም አትችሉም ነበር» ይላል። ሁለቱም አይዋሹም። ነገር ግን ሁለቱም የሚናገሩት አፍንጫቸው ስለሚያውቀው አሞኒያ ሲሆን፣ እኔ ልለካው የሄድኩት ደግሞ በአብዛኛው አፍንጫ ፈጽሞ የማይደርስበትን ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ይታያል። ሰው የአሞኒያን ሽታ መለየት የሚጀምርበት መጠን ከሰው ሰው በእጅጉ ቢለያይም፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 5 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል አምስቱ) ገደማ ነው፤ ይህም በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ ወደ 3500 ማይክሮግራም (አንዱ የግራም ሚሊዮነኛ ነው) ይጠጋል። በአሜሪካ የሥራ ቦታ ጤና ምርምር ተቋም ለሠራተኞች የሚመክረው የሥራ ቀን አማካይ ገደብ ደግሞ 25 ፒፒኤም ነው። ወደ ዕፀዋት ስንመጣ ግን መስፈሪያው ራሱ ይለወጣል። በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የአየር ብክለት ስምምነት ሥር እ.ኤ.አ. በ2007 የጸደቀው ዓመታዊ አማካይ ገደብ ለላይከኖች (ፈንገስና አልጌ ተዳብለው በዛፍ ቅርፊትና በድንጋይ ላይ ለሚሠሯቸው ሕያዋን) እና ለሞሶች (እርጥበት ለሚወዱ ትንንሽ ሥር አልባ ዕፀዋት) 1 ማይክሮግራም፣ ለሌሎች ዕፀዋት 3 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዓመታዊ ገደብ 8 ማይክሮግራም ስለነበር ቅነሳው ቀላል አልነበረም። እንግዲህ ላይከን መታመም የሚጀምርበት መጠንና የሰው አፍንጫ የሚነቃበት መጠን በሺዎች እጥፍ ይራራቃሉ። ሽታን መነሻ አድርጎ «ብክለት አለ» ወይም «የለም» የሚል ሰው የሚፈርደው እንግዲህ ስለ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጋዙ ከየት እንደሚመጣ ሳይረዱ ለመለካት መነሳት ብዙ ስህተት ያስከትላል። በዓለም ደረጃ ከሰው እንቅስቃሴ መንጭቶ ወደ አየር ከሚገባው አሞኒያ ከአምስት እጅ አራቱን የሚሸፍነው ግብርና ነው። በከብት ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ በራሱ ጋዝ አይደለም። እበት ውስጥና በበረቱ ወለል ላይ የሚገኘው ዩሪኤዝ የተባለ ኢንዛይም ሲያገኘው ግን በሰዓታት ውስጥ ወደ አሞኒያና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈርሳል። ስለዚህ ሽንትና እበት ተለያይተው የሚወገዱበት ወለል ሁለቱ ተቀላቅለው አዛባ ሆነው ከሚከርሙበት ወለል ይልቅ የሚያወጣው ጋዝ እጅግ ያነሰ ነው። የወፎች ኩስ ናይትሮጅኑን የሚይዘው በዩሪክ አሲድ መልክ በመሆኑ ለመፍረስ ጊዜና እርጥበት ይፈልጋል፤ የዶሮ ቤት ጉዝጓዝ ሲረጥብ ዓይን የሚያቃጥለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህ በኋላ የሚወስኑት ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲድነቱ ይቀንሳል) እና ሙቀት ናቸው። በፒኤች 7 በፈሳሹ ውስጥ ካለው አሞኒያ በጋዝ መልክ ለመብረር የተዘጋጀው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤቹ 9 ነጥብ 25 ገደማ ሲደርስ ግን ግማሹ ይሆናል። ሙቀት በአምስት ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ትነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። ፀሐይ ባየለበት ቀትር ፍግ የተበተነበትን ማሳ ከደመናማ ማለዳ ጋር በአንድ ዓይን ማየት እንደማይቻል ከዚህ መረዳት አያዳግትም።

ምንጩ እርሻ ብቻ አይደለም። የማዳበሪያ ፋብሪካዎች፣ የፍሳሽ ማጣሪያዎች፣ የኮምፖስት ማምረቻዎች፣ አልፎ ተርፎም የቤንዚን መኪኖች የጭስ ማጥሪያ ካታሊስት የየራሳቸውን ድርሻ ያዋጣሉ። የመጨረሻው ሁልጊዜ ያስገርመኛል፤ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ለማጥፋት የተሠራው መሣሪያ ነዳጁ ከአየሩ ሲበዛበት ከሚፈለገው አልፎ አሞኒያ ይፈጥራል።

አሞኒያ ከአየር የቀለለ ጋዝ በመሆኑ ወደ ላይ በርሮ እንደሚጠፋ የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። እውነታው ሌላ ነው። አሞኒያ በውኃ ውስጥ በቀላሉ የሚሟሟ፣ ካገኘው ገጽ ሁሉ ጋር የሚጣበቅ ጋዝ ሲሆን፣ የሚወጣውም በአብዛኛው ከመሬት ጥግ ነው። ስለዚህ ከምንጩ ወጥቶ ገና ብዙ ሳይርቅ በቅጠል፣ በቅርፊት፣ በእርጥብ አፈርና በጤዛ ላይ ያርፋል። ከበረቱ ግድግዳ ሃምሳ ሜትር ርቆ ከፍተኛ የነበረው መጠን ጥቂት መቶ ሜትሮች ሲርቁ በፍጥነት ወርዶ፣ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ከአካባቢው የተለመደ ደረጃ ለመለየት ያስቸግራል። የቀረው ክፍል በአየር ውስጥ ካሉ አሲዶች ጋር ተዋህዶ የአሞኒየም ሰልፌትና የአሞኒየም ናይትሬት ደቃቅ ብናኝ ይሆንና ለቀናት ተንሳፍፎ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የዚህ ብናኝ ጉዳት በዋነኛነት በሰው ሳንባና ልብ ላይ ነው፤ ራሱን የቻለ ሰፊ ርዕስ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። የአካባቢ ግምገማ ዋና ሥራ ያለው ከምንጩ አጠገብ ባለው በዚያ በፍጥነት በሚያሽቆለቁል ቁልቁለት ላይ ነው። አንድ መለኪያ ብቻ የሰቀለ ሰው ከቁልቁለቱ አንዲት ነጥብ ይዞ ይመለሳል፤ ነጥቧ ከላይ ትሁን ከታች ግን አያውቅም።

ለዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የምወደው መሣሪያ ኤሌክትሪክም ሆነ ፓምፕ የማይፈልገው የናሙና ቱቦ ነው። ርዝመቱ ሰባት ሴንቲሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ ፕላስቲክ ሲሆን፣ በተዘጋው ጫፉ ውስጥ አሲድ የተቀባ ትንሽ ወንፊት አለ። ክፍቱ አፍ ወደ ታች ሆኖ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ ላይ ይሰቀላል። አሞኒያው በራሱ ስርጭት ወደ ውስጥ ይገባና አሲዱ ይይዘዋል፤ ከወር በኋላ ቱቦው ወደ ቤተ ሙከራ ተልኮ የተያዘው አሞኒየም በውኃ ታጥቦ ይለካል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የጋዙ የስርጭት ፍጥነት፣ የቱቦው ስፋትና ርዝመት ከታወቁ ቱቦው በቀን ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ አየር እንደማጣራት ይቆጠራል። በሠላሳ ቀን ይህ ሰማንያ ሊትር እንኳ አይሞላም። እንግዲህ አየሩ ውስጥ 3 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ ቢኖር፣ ወር ሙሉ የተሰቀለው ቱቦ የሚይዘው ሩብ ማይክሮግራም እንኳ የማይሞላ አሞኒያ ነው።

ሩብ ማይክሮግራም ምን ማለት እንደሆነ የተማርኩት ተሳስቼ ነው። የመጀመሪያውን ወር ቱቦዎች የያዘውን ሳጥን በመኪናው የኋላ ክፍል ከመስታወት ማጽጃ ጠርሙስ ጎን አስቀምጬ ወሰድኩት። ቦታው ስደርስም ጓንቱ ከጣቴ ጋር አልስማማ ስላለኝ አውልቄ በባዶ እጄ ክዳኖቹን እየከፈትኩ ሰቀልኩ። የሰው ላብ አሞኒየም እንዳለበት፣ የመስታወት ማጽጃውም አሞኒያ እንዳለበት ሳላውቅ ቀርቼ አልነበረም፤ መጠኑን ንቄው ነው። ውጤቱ ሲመጣ ሳይከፈቱ ከሳጥን ሳጥን ብቻ የተጓዙት የማነጻጸሪያ ቱቦዎች ሜዳ ላይ ወር ሙሉ ከዋሉት ጋር ተቀራራቢ መጠን ይዘው ተገኙ። ወሩ በሙሉ ተጣለ። ከዚያ ወዲህ ቱቦዎቹ የሚጓዙት ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ለብቻቸው ነው፤ በየቦታው ሦስት ሦስት እሰቅላለሁ፤ ሦስቱ ከተራራቁ ቁጥሩን አላምነውም። የሌላ ሰው የግምገማ ሪፖርት ሳነብም በመጀመሪያ የምፈልገው የማነጻጸሪያ ቱቦዎቹን ውጤት ነው። ካልተጻፈ ከዚያ በኋላ ያለውን ሠንጠረዥ በጥርጣሬ ነው የማየው።

በየሰከንዱ የሚለኩ ውድ መሣሪያዎች መኖራቸውን አልዘነጋሁም። ፍግ በተበተነ ሰዓት ምን እንደተፈጠረ ለማየት ተወዳዳሪ የላቸውም። ይሁንና አየሩን የሚስቡበት ቧንቧ ራሱ አሞኒያ ስለሚጣበቅበት፣ ውጭ ያለው መጠን ሲወርድ መሣሪያው ከግድግዳው የሚለቀቀውን እያነበበ ዘግይቶ ይከተላል። ከዚህም በላይ ዓመታዊ አማካይን ለሚጠይቅ ገደብ የሁለት ሳምንት ዝርዝር መዝገብ መልስ አይሆንም። የአሞኒያ ዓመት ወጥ አይደለም፤ ማዳበሪያ የሚበተንበት ወር፣ የሙቀቱ ወር፣ ዝናቡ አየሩን የሚያጥብበት ወር እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። ሦስት ወር ለክቶ የዓመቱ አማካይ ነው ማለት የተለመደ ቢሆንም እኔ አልስማማበትም። ቢያንስ አሥራ ሁለት ወር መለካት፣ በየወሩም በረቱ ውስጥ ስንት እንስሳት እንደነበሩ፣ ፍግ መቼ እንደወጣና ነፋሱ በብዛት ወዴት እንደነፈሰ መመዝገብ ያስፈልጋል። ከምንጩ በነፋሱ መሄጃ በኩል በርቀት ተራ የተሰቀሉ ቱቦዎችና በነፋሱ መምጫ በኩል ራቅ ብሎ የተሰቀለ አንድ ማመሳከሪያ ከሌሉ፣ የምንጩን ድርሻ ከአካባቢው ነባር አሞኒያ ለይቶ ማውጣት አይቻልም።

የአየሩ መጠን ከታወቀ በኋላ ቀጣዩ ጥያቄ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ መሬት ላይ አርፏል የሚለው ነው። እዚህ ላይ አንድ ስሌት ላሳይ። በአጭር ሣርና በቁጥቋጦ ላይ ለሚያርፍ አሞኒያ በተለምዶ የሚወሰደው የማረፊያ ፍጥነት በሰከንድ 2 ሴንቲሜትር ነው። በአየር ውስጥ 1 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ ዓመቱን ሙሉ ከኖረ፣ በዚህ ፍጥነት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 0.63 ግራም አሞኒያ ያርፋል። ከአሞኒያው ክብደት አሥራ ሰባት እጅ አሥራ አራቱ ናይትሮጅን ስለሆነ፣ በሄክታር ሲሰላ 5.2 ኪሎግራም ናይትሮጅን ይሆናል። ለደን የሚወሰደው ፍጥነት 3 ሴንቲሜትር በመሆኑ ያው 1 ማይክሮግራም 7.8 ኪሎግራም ያወርዳል፤ ጋዙን ከሚነፍሰው አየር ላይ የሚያበጥረው የዛፉ ቅጠልና ቅርንጫፍ ነው፤ የደኑ ጠርዝ ደግሞ ከመሃሉ የበለጠ ይቀበላል። አሁን ውኃውንና ማዕድኑን ከዝናብ ብቻ የሚያገኝ ረግረግን እንውሰድ። እንዲህ ዓይነቱ ረግረግ ሳይጎዳ ሊሸከመው ይችላል ተብሎ የተቀመጠው በዓመት ከ5 እስከ 10 ኪሎግራም ናይትሮጅን በሄክታር ነው። ለአብዛኞቹ ዕፀዋት «ደኅና» የተባለው 3 ማይክሮግራም ብቻውን ከ15 ኪሎግራም በላይ ይጭንበታል። የአየር ገደቡ ሳይጣስ የመሬቱ ልክ ሊጣስ ይችላል ማለት ነው፤ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያሰላ ግምገማ ሙሉ አይደለም። በእርግጥ የማረፊያ ፍጥነቱ ቋሚ አይደለም። ምንጩ አጠገብ፣ አየሩ በአሞኒያ በጠገበበት፣ ቅጠሉም ስለሚጠግብ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ በደንብ ማዳበሪያ የተሰጠው ሰብል እንዲያውም ራሱ አሞኒያ መልሶ ይለቃል። ስሌቱ መነሻ ነው እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

ጉዳቱን መጀመሪያ የሚናገሩት በተለምዶ የዛፍ ሽበት የሚባለውን የሚጨምሩት ላይከኖች ናቸው። ሥርም ሆነ መከላከያ ቆዳ ስለሌላቸው የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ በቀጥታ ከአየርና ከዝናብ ይወስዳሉ፤ መርዙንም እንዲሁ። አሞኒያ የዛፉን ቅርፊት አሲድነት ሲቀንስ አሲዳማ ቅርፊት የሚወዱት ግራጫና ተንጠልጣይ ዓይነቶች እየሳሱ ይጠፋሉ፤ በምትካቸውም ናይትሮጅን የሚወደው ደማቅ ቢጫ ላይከን፣ ዛንቶሪያ፣ ግንዱን ይወርሰዋል። ስለ አሞኒያ የማያውቅ ሰው ያን ቢጫ ሲያይ ዛፉ ያማረ ይመስለዋል።

በስኮትላንድ ዊም በተባለ ረግረግ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የተካሄደው ሙከራ በዚህ መስክ ከማውቃቸው ሁሉ ይበልጥ አሳማኝ ነው። ተመራማሪዎቹ ነፋሱ ከተወሰነ አቅጣጫ ሲነፍስ ብቻ በቧንቧ አሞኒያ እየለቀቁ፣ በሌሎች መደቦች ላይ ደግሞ ናይትሮጅኑን በዝናብ መልክ፣ በአሞኒየምና በናይትሬት፣ እየረጩ አነጻጸሩ። የናይትሮጅኑ መጠን እኩል ሆኖ ሳለ በጋዝ መልክ የመጣው አሞኒያ ከሌሎቹ የባሰ አጠፋ። ከቧንቧው አጠገብ ያሉት ላይከኖች፣ ሞሶችና ሄዘር የተባለው ቁጥቋጦ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተጎድተው ጠፉ። ከዚህ የምንረዳው የናይትሮጅን ጭነትን ደምሮ አንድ ቁጥር መጻፍ ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ ጭነቱ በምን መልክ እንደመጣም መጠየቅ አለበት።

አፈሩ ላይ የሚሆነው ደግሞ መጀመሪያ ሲሰሙት የሚቃረን ይመስላል። አሞኒያ ራሱ ቤዝ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ሆኖ ሳለ መሬቱን አሲዳማ ያደርጋል። ወደ አሞኒየም ተለውጦ አፈር ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል፤ በዚህ ሂደት የሃይድሮጅን አዮን ይለቀቃል። ናይትሬቱ በውኃ ታጥቦ ሲወርድ ካልሲየምና ማግኒዚየምን ይዞ ይሄዳል፤ አሲዱ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1982 በኔዘርላንድስ ደኖች ላይ የታተመ ጥናት ከዛፍ ቅጠል ላይ በዝናብ ታጥቦ የወረደው የአሞኒየም ሰልፌት አፈሩን ምን ያህል እንዳከፋው ካሳየ ወዲህ፣ የአሲድ ዝናብ ጉዳይ የድኝ ጉዳይ ብቻ ነው የሚለው አመለካከት ተቀይሯል። ናይትሮጅኑ የሚያፋፋቸው ጥቂት ፈጣን ሣሮችም ከድሃ አፈር ጋር ተስማምተው ይኖሩ የነበሩትን በርካታ ዝርያዎች ጥላ ሥር ያደርጓቸዋል።

ልኬት በሌለበት ቦታ፣ ወይም ገና ያልተሠራ በረት ሲገመገም፣ ሥራው ሁሉ የሚወድቀው በስርጭት ሞዴል ላይ ነው። ሞዴሉ የሚፈልገው የእንስሳቱን ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ የሚሰላውን የልቀት መጠን፣ የቤቱን አየር ማስወጫ ከፍታና የነፋሱን መዝገብ ነው። ሞዴልን አልንቅም፤ ነገር ግን የልቀቱ ግምት በግማሽ ከተሳሳተ ካርታው የቱንም ያህል ቢያምር በግማሽ የተሳሳተ ነው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ አሠራር አለ። በአንዳንድ አገሮች አንድ አዲስ ምንጭ የሚጨምረው ከገደቡ 1 በመቶ በታች ከሆነ ኢምንት ተብሎ ያለ ተጨማሪ ጥናት ያልፋል። እያንዳንዱ ለብቻው ኢምንት የሆነ፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ግን ሃያ የሚሆን ምንጭ ማን ነው የሚደምረው? ነባሩ መጠን ከገደቡ አልፎ ባለበት ቦታ «ኢምንት» የሚለው ቃል ለእኔ ምንም ትርጉም አይሰጠኝም።

ሳተላይቶችም አሞኒያን ማየት ችለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የሳተላይት ጥናት በዓለም ላይ ከ240 በላይ ጠባብ የልቀት ቦታዎችን ለይቶ፣ ከእነዚህ ውስጥ የተፈጥሮ የሆነው በታንዛንያ ያለው የናትሮን ሐይቅ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ይሁንና የሳተላይቱ አንድ ነጥብ በኪሎ ሜትሮች የሚለካ ስለሆነ ከበረቱ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ለቆመው ዛፍ አይደርስለትም።

መፍትሔዎቹ አዲስ አይደሉም። የመኖውን ፕሮቲን ከእንስሳው ፍላጎት ጋር ማመጣጠን፣ የፍግ ማጠራቀሚያውን መክደን፣ ፈሳሹን ፍግ በአየር ላይ ከመርጨት ይልቅ አፈር ውስጥ ማስገባት፣ የተበተነውንም በሰዓታት ውስጥ መገልበጥ ልቀቱን በግልጽ ይቀንሳሉ። ለገምጋሚው ዋናው ነገር ግን እነዚህ ከተሠሩ በኋላ ተመልሶ መለካት ነው፤ አብዛኛው ሪፖርት የሚያልቀው ከዚያ በፊት ነው።

ለአንድ ዓመት የተከታተልኩት የዛፍ ተራ ነበር፤ ከበረቱ አጥር ጀምሮ እየራቀ የሚሄድ። የመጀመሪያዎቹ ግንዶች ቢጫ ለብሰዋል፤ መሃል ላይ ቢጫውና ግራጫው ይጋፋሉ፤ ተራው ሊያልቅ ሲል ከቅርንጫፍ የተንጠለጠለ አውራ ጣት የሚያህል ግራጫ የዛፍ ሽበት ነበር። በሄድኩ ቁጥር ማስመሪያ አስጠግቼ ፎቶ አነሳዋለሁ። በመጨረሻው ወር ርዝመቱ ብዙም አልተለወጠም፤ ጫፎቹ ግን ወደ ቡናማ ዞረው ነበር። በዚያ ዛፍ ላይ የተሰቀሉት ሦስት ቱቦዎች የዓመት አማካያቸው ከ1 በልጦ ከ3 ያነሰ ሆኖ ወጣ። ባለቤቱ አብሮኝ ቆሞ ነበርና ማስመሪያውን ይዞልኝ፣ ጫፉን በጥፍሩ ነካ አድርጎ ዱቄት ሲሆንበት አየ። ሪፖርቱን ስጽፍ ፎቶግራፉን ከሠንጠረዡ በፊት አስቀመጥኩት።